መለኪያው 70 እያለ ሲጋሩ ለምን ደረቀ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ በልጅነቱ ወደ ኩባ ሄደው ከተማሩት አንዱ ነው። አምና ለጉብኝት ሄዶ ሲመለስ ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 የሚባለውን የኩባ ሲጋር 25 ፍሬ አመጣልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ክዳኑ ላይ የእርጥበት መለኪያ ያለው የሚያምር የእንጨት የሲጋር ሳጥን ገዛሁ። አብሮት የመጣውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አርሼ ሲጋሮቹን ደረደርኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቅጠሉ እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ጀመር፤ ሁለቱ ተሰነጠቁ። መለኪያው ግን እስከ ዛሬ 70 ነው የሚለው። ፍሪጅ ውስጥ ላድርገው? ሐሳቤ ለልጄ ሠርግ ማስቀመጥ ነው፤ አራት አምስት ዓመት ይቀረዋል። የምኖረው አዲስ አበባ ነው።»

ምላሽ፦ እንኳን ጻፉልኝ። በመጀመሪያ መልካም ዜናውን ልንገርዎ፦ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ቀጥሎ ክፉውን፦ መለኪያዎ ይዋሻል።

ዱባይ የሲጋር መሸጫ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ በሳምንት አንድ አይጠፋም ነበር። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ሳጥኑ ነው። ስንት እንደገዙት፣ ቀለሙ፣ ቁልፉ። ሲጋሩ ግን ሳጥኑን አያውቀውም። የሚያውቀው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው።

ነገሩ ከእንጀራ ጋር ይመሳሰላል። እንጀራ መሶብ ውስጥ ተከድኖ ሲያድር ልስላሴው አይለቅም። ክፍት ቢያድር ጠዋት ድርቆሽ ነው። ላስቲክ ውስጥ በትኩሱ ከታሰረ ደግሞ ይሻግታል። የትምባሆ ቅጠልም እንደዚያው ነው፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ውሃውን ይሰጣል፣ እርጥብ ከሆነ ይጠጣል። የሲጋሩ ሽፋን ቅጠል ስስ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይረጥባል። ውስጡ ያለው የታጨቀ ቅጠል ግን ቀርፋፋ ነው። የእርስዎ ሁለት ሲጋሮች የተሰነጠቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ቀድሞ ደርቆ ኮሰመነ፤ ውስጡ ገና አልኮሰመነም።

ታዲያ መለኪያው ለምን 70 አለ? ከሳጥኑ ጋር አብረው የሚመጡት ባለ ቀስት መለኪያዎች ውስጣቸው ትንሽ ሞላ ናት። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ 70 ላይ የተገተሩ ናቸው። አንዱን አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ጌጥ ነው ብለው ይለፉት። ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ያስገዙ፤ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ የሙቀት መጠንም አብሮ ያሳያል።

ዲጂታሉንም ቢሆን ዝም ብለው አይመኑት። ይፈትኑት። የሚያስፈልግዎ የገበታ ጨው ብቻ ነው። የሃይላንድ ክዳን ውስጥ ጨው ይሙሉ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ያድርጉበት፤ እንዲርስ ነው እንጂ እንዲሟሟ አይደለም፣ እርጥብ አሸዋ ይምሰል። ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ የምግብ ዕቃ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዝጉት። ሙቀቱ የማይለዋወጥበት ቦታ ላይ 24 ሰዓት ይተዉት። የራሰ ጨው በዙሪያው ያለውን አየር 75 ከመቶ ላይ ይይዘዋል። ይህ ግምት አይደለም፤ የጨው ጠባይ ነው፣ አዲስ አበባም ሆነ ሃቫና ለውጥ የለውም። መለኪያዎ 75 ካለ ደግ። 71 ካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሚያነቡት ላይ ሁሉ 4 ይጨምሩ። ዕቃውን ሳይከፍቱ ነው የሚያነቡት፤ ክዳኑን ካነሱ ፈተናው ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ። አዲስ ሳጥን ውስጡ ደረቅ እንጨት ነው። ደረቅ እንጨት ደግሞ ይጠማል። እርስዎ ስፖንጁን አርሰው ሲጋሮቹን ወዲያው አስገቡ። እንጨቱ የስፖንጁን ውሃ ጠጣ፤ አልበቃውም፣ የሲጋሮቹንም ጠጣ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ሻጩ ሊነግርዎ ይገባ ነበር። ሳጥን ከመጠቀም በፊት ባዶውን ውሃ ማጠጣት አለብን። በስኒ የተጣራ ውሃ አድርጎ ክዳኑን ዘግቶ አንድ ሳምንት፣ ሲያስፈልግ ሁለት ሳምንት መተው ነው። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ እንጨቱ ይጣመምና ክዳኑ መግጠሙን ይተዋል።

መግጠሙንስ በምን ያውቃሉ? ማታ መብራት አጥፍተው ስልክዎን ባትሪውን አብርተው ሳጥኑ ውስጥ ይዝጉት። በጠርዙ ብርሃን ካፈሰሰ አየርም ያፈሳል። ወይም አንድ የብር ኖት በክዳኑና በሳጥኑ መሃል አድርገው ይዝጉና ይጎትቱት። ሸርተት ብሎ ከወጣ ሳጥኑ ለጌጥ ነው።

የቧንቧ ውሃውን ነገር አልረሳሁትም። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ማዕድን አለ፤ ስፖንጁን ይደፍነዋል። ሻጋታም ይወደዋል። የታሸገ ውሃም ማዕድን አለው። የሚፈለገው የተጣራ፣ ዲስትልድ የሚባለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለመኪና ባትሪ የሚጨመር ተብሎ ይሸጣል። ነገር ግን ጠንቀቅ ይበሉ፦ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣል። ጽሑፉን ሳያነቡ እንዳይገዙ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ሳጥኑን ለጊዜው ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ላስቲክ ማኅተም ያለው፣ አራት ጎኑ ቀጭ ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ እገዛለሁ። አይስቁ! የሲጋር ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይህንን ነው። እንጨት ስለሌለው ውሃ አይጠጣም። አየር አያሳልፍም። አዲስ መሆን አለበት፤ ወጥ የነበረበት ዕቃ ሽታው አይለቅም። በሳሙና ታጥቦ፣ ሁለት ቀን ክፍት ተትቶ፣ አፍንጫዎን ሲያስገቡ ምንም ካልሸተተዎ ይጠቀሙበት። ሲጋሮቹን ወደ ሞንቴክሪስቶው የራሱ ሳጥን መልሶ፣ ከነሳጥኑ እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የዝግባ ሽታውም እዚያው ይቆያል።

ዝግባ ስል ፈረንጆቹ የስፔን ዝግባ የሚሉትን ነው። ስፔንም አይበቅልም፣ ዝግባም አይደለም፤ የማሆጋኒ ዘመድ የሆነ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። እርጥበት ይችላል፣ ሽታው ከትምባሆ ጋር ይስማማል። እኔ አንድ ጊዜ ብልጥ ሆኜ እንጨት ሠሪ ዘንድ ሄድኩና ከሐበሻ ጥድ ሳጥን አሠራሁ። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ሁለት ወር ቆይቼ አንድ ሲጋር ብለኩስ እርሳስ የማኘክ ያህል ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፦ ጥዱ እውነትም የእርሳስ እንጨት ነው፤ ሙጫው ሽታ አለው፣ ሽታውም ሲጋር ውስጥ ይገባል። ሃያ ሲጋር ከሰርኩ። ሳጥኑ ዛሬ የባለቤቴ የክር ማስቀመጫ ነው።

እርጥበቱን ለመያዝ ስፖንጅ ይቅርብዎ። ቦቬዳ የሚባሉ ፓኬቶች አሉ። ውስጣቸው የጨው ውሃ ነው፤ ከላይ የጨው ፈተና ያልኩትና ይህ አንድ ሳይንስ ነው። የጨው ዓይነት እየቀያየሩ 62፣ 65፣ 69፣ 72 ከመቶ ላይ እንዲቆም አድርገዋል። አየሩ ሲደርቅ ውሃ ይሰጣሉ፤ ሲበዛ መልሰው ይጠጣሉ። ስፖንጅ መስጠት እንጂ መመለስ አይችልም። ባለ 60 ግራሙ አንድ ፓኬት ለ25 ሲጋር ይበቃል። ሲጠነክርና እንደ ድርቆሽ ሲንኮሻኮሽ ጊዜው አልፏል፤ ይቀይሩት። እዚህ ካላገኙት ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ይዘዙት። እጅግ ቀላል ዕቃ ነው፤ «ሻንጣዬ ሞልቷል» የሚል ሰበብ አይሠራም።

የገበታ ጨውን ራሱን ለማስቀመጫ ብጠቀምስ እንዳይሉኝ። 75 ይበዛል። በዚያ ላይ ሲጋር ያብጣል፣ ጭሱ አልሳብ ይላል፣ ሻጋታም ይመጣል።

ታዲያ ስንት ይሁን? የድሮው ሕግ 70 ከመቶ በ70 ፋራናይት፣ ማለትም 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለማስታወስ ስለሚመች እንጂ ለሁሉም ሲጋር ስለሚስማማ አይመስለኝም። የኩባ ሲጋር 70 ላይ ሲቀመጥ ያስቸግራል፤ እየደጋገመ ይጠፋል፣ አፍ ላይ ይመራል። እኔ ለኩባ 65 ነው የምለው። ለረዥም ዓመት ከሆነ 62ም ይሆናል።

ስለ ሙቀት አዲስ አበቤ መሆንዎ ዕድል ነው። ዱባይ ሳለን ኤሌክትሪክ ሁለት ሰዓት ሲቋረጥ ልባችን ይቆም ነበር። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ከፀሐይ የራቀ ቁም ሳጥን ዓመቱን ሙሉ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለማቆየት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ 20 ቢደርስም ችግር የለም። የከተማችን ጣጣ ሌላ ነው፦ የበጋው አየር ደረቅ ነው፣ የክረምቱ ደግሞ እርጥብ። ሲጋሮችዎ የገቡት በየትኛው ወር እንደሆነ አልነገሩኝም። ጥቅምትና ኅዳር ከነበረ ሦስት ወር እንኳ መቆየታቸው ይገርማል።

ሌላው የአዲስ አበባ ነገር የቀንና የሌሊት ልዩነት ነው። ይቺን ቁጥር ይያዙልኝ። አንድ ሜትር ኩብ አየር 21 ዲግሪ ላይ እስከ 18 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መያዝ ይችላል። 15 ዲግሪ ላይ ግን 13 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን 70 ከመቶ የነበረ ዝግ አየር፣ ሌሊት 15 ዲግሪ ሲገባ እስከ 100 ሊጠጋ ይችላል። ዕቃው በሲጋር ሲሞላ ቅጠሎቹ ያን ትርፍ ስለሚጠጡ ያን ያህል አይደርስም። ግን ሲጋሩ በየሌሊቱ እየጠጣ በየቀኑ እየሰጠ ይደክማል። ለዚህ ነው ዕቃው የመስኮት ደፍ ላይ፣ የቴሌቪዥን ጀርባ ወይም የውጭ ግድግዳ ሥር አይቀመጥ የምለው። በልብስ መሃል፣ ቁም ሳጥን ታች ያድርጉት። ብርድ ልብስ ቢጠቀለልበት አይጎዳም።

ፍሪጅ ብለው ጠይቀውኛል። አይሆንም። በረዶ የማይሠሩት አዳዲሶቹ ፍሪጆች አየሩን እያደረቁ ነው የሚያቀዘቅዙት። ደግሞ ቂቤና ሽንኩርት አለ። ፍሪጅና ፍሪዘር ለአንድ ነገር ብቻ ይጠቅማሉ፤ ለነቀዝ።

የትምባሆ ነቀዝ የምትባል ቡናማ፣ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ጥንዚዛ አለች። እንቁላሏ ከትምባሆ መጋዘኑ ጀምሮ ቅጠሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ሲሞቃት ትፈለፈላለች። ከ22 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጨነቅ ያስፈልጋል። ሲጋሩ ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ቀዳዳና የተፈጨ ቡናማ ዱቄት ካዩ እሷ ናት። ይህች ነቀዝ ትምባሆ ብቻ አይደለም የምትበላው። ደረቅ በርበሬ፣ ቅመምና ዱቄትም ትወዳለች። ስለዚህ የሲጋር ዕቃዎን የበርበሬና የሽሮ መጋዘን አጠገብ አያስቀምጡ። የኩባ ፋብሪካዎች ሲጋሩን ከመላካቸው በፊት አቀዝቅዘው ነቀዙን ይገድላሉ። ቢሆንም ወንድምዎ የገዛው ከመደብር ካልሆነና ከመንገድ ከሆነ፣ እርስዎ ያቀዝቅዙት። በሁለት ድርብ ላስቲክ አየሩን አውጥተው ያስሩ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት፣ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ ላስቲኩ ሳይፈታ አንድ ቀን። ደረጃ በደረጃ ካልሆነ ቅጠሉ ይሰነጠቃል። መሃል ላይ መብራት ለረዥም ሰዓት ከጠፋ ቀኑን እንደገና ከአንድ ይቁጠሩ። አሁን ግን አያድርጉት! የደረቀ ሲጋር መጀመሪያ ይዳን።

መዳኑ ቀስ በቀስ ነው። 69 ወይም 72 አስገብተው በአንድ ጊዜ ቢያጠጧቸው፣ ቅጠሉ እኩል ሳይረጥብ ያብጥና ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ባለ 62 ፓኬት ያስገቡ። አንድ ወር አይንኩት። በየቀኑ የሚከፍት ሰው ሲጋሩን አያድንም። ከወሩ በኋላ አንዱን በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጫኑት። ትንሽ ገባ ብሎ ከተመለሰ ወደ 65 ይለፉ። አሁንም ከጠነከረ ሌላ ወር ይጨምሩ። የተሰነጠቁትን ሁለቱን መጀመሪያ ያጭሷቸው፤ ማቆየት ትርፍ የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ ደርቆ የተመለሰ ሲጋር ልስላሴው ይመለሳል እንጂ የሄደው ዘይቱ አይመለስም። ሦስት ወር ግን ብዙ አይደለም።

የሠርጉን ነገር እንነጋገር። በመጀመሪያ የሳጥኑን ሥር ገልብጠው ይዩ። የኩባ ሳጥን ሥር የፋብሪካ ምልክትና የታሸገበት ወርና ዓመት በማኅተም አለ። ወሩ በስፓኒሽ አጥሮ ነው የተጻፈው፦ «ኤኔ» ጃንዋሪ፣ «አጎ» ኦገስት፣ «ዲክ» ዲሴምበር። ዕድሜውን የሚቆጥሩት ከዚያ እንጂ ወንድምዎ ካመጣበት ቀን አይደለም። በእጅ መሠራቱን የሚናገረው «ቶታልሜንቴ አ ማኖ» የሚለው ጽሑፍም እዚያው አለ፤ ከፈረንጆቹ 1989 ወዲህ ያለ ነው።

ትምባሆ ከተለቀመ በኋላ ተከምሮ ይብላላል። ሲብላላ አሞኒያ ያወጣል፣ ትንሽ ግን ቀርቶ አብሮ ይታሸጋል። አዲስ ሲጋር ሲያሸቱ አፍንጫን የሚሰነፍጠው እሱ ነው። በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ለውጥ ዝግተኛ ነው፤ ምሬቱ ይለዝባል፣ የየቅጠሉ ጣዕም ይዋሃዳል። የሲጋር ውስጥ የአንድ ቅጠል ሥራ አይደለም። ከተክሉ አናት የሚለቀመው ጠንካራ ነው፣ ከመሃሉ ሽታ ይሰጣል፣ ከሥሩ ደግሞ ማቃጠሉን ያግዛል። ጊዜ እነዚህን ያስማማል።

ቁጥር 4 ርዝመቱ 129 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ሲጋር ነው። በእኔ ልምድ ከታሸገ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ውስጥ ያምራል። ስለዚህ የእርስዎ የሠርግ ዕቅድ ልክ ነው። ሃያ ዓመት ቢሉኝ ኖሮ ቀጠን ያለ ሲጋር አይያዙ እል ነበር፤ ጉልበቱ ያልቅና ሞቅ ያለ አየር የመሳብ ያህል ይሆናል። ደካማ ሲጋርም በመቆየት ጥሩ አይሆንም። በክፉ ማር የተጣለ ጠጅ ቢከርም ያው ነው።

በየስድስት ወሩ አንድ ያጭሱ። ቀኑን፣ የመለኪያውን ቁጥርና ምን ምን እንደቀመሱ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሠርጉ ሲደርስ ከአሥር የሚበልጥ ይቀርዎታል። ዕቃውን በወር አንድ ጊዜ ከፍተው አየር እንዲቀየር ሁለት ደቂቃ ይተዉት፤ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሰዓት ግን አይሁን። ቅጠል ላይ ነጭ ነገር ካዩ ብዙ ሰው «አበበ»፣ ማለትም በደንብ በሰለ፣ እያለ ይደሰታል። አብዛኛው ሻጋታ ነው። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚል፣ በተለይ የሚለኮሰው ጫፍ ውስጥ የገባ ከሆነ ሲጋሩን ይጣሉት። ላዩ ላይ ብቻ ስስ ነጭ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ለብቻው ያኑሩትና እርጥበቱን ይቀንሱ።

መቼም ስለ ጤና ሳልናገር ብቀር ሐኪሙ ወንድሜ ይቆጣኛል። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። በዓመት ሁለት ያልኩትም ለሲጋሩ ብቻ ብዬ አይደለም።

ለሠርጉ ቀን ሁለት ነገር ያስቡ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት አዳራሽ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ስለዚህ አዳራሽ ሲከራዩ ደጅ መቀመጫ ያለው ይሁን። ሌላው፣ ወንድምዎ ከሃቫና ይዞት የመጣ ባለ ጄት የጋዝ ላይተር ካለ እዚህ ከፍታ ላይ ሊያሳፍርዎ ይችላል። አየሩ ስለሳሳ ደጋግሞ እምቢ ይላል። ክብሪት በኪስዎ ይያዙ።

ከጨው ፈተናው በኋላ መለኪያው ስንት እንዳለ ይጻፉልኝ። የሳጥኑን ሥር ማኅተምም ያንብቡልኝ።